ዛፉን የሚጠብቀው ማን ነው?

ክቡራን የሃይማኖት አባቶች፣ ክቡራን የአገር ሽማግሌዎች፣ ውድ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ልትሰሙኝ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና ወደ ነገሬ ልግባ።

በአንዲት ትንሽ ልጅ ልጀምር። ልጅቷ የምትኖረው በማዕከላዊ ኬንያ ደጋ ነው። ጊዜው 1940ዎቹ ነው። እናቷ ማገዶ እንድትለቅም ሲልኳት አንድ ማስጠንቀቂያ ያክሉላታል። ከዚያ ከትልቁ የሾላ ዛፍ ሥር ጭራሮም ቢሆን እንዳታነሺ ይሏታል። ለምን ብላ ስትጠይቅ መልሱ አጭር ነው። ያ የእግዚአብሔር ዛፍ ነው። አይቆረጥም፤ አይለቀምም፤ አይነድም።

ከዛፉ አጠገብ ምንጭ ነበረ። ልጅቷ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ የእንቁራሪት እንቁላል ታያለች። ዶቃ ይመስላታል። አንገቷ ላይ ልታደርገው በእጇ ታፍሰዋለች፤ በጣቶቿ መሃል እየሾለከ ያመልጣታል። ሌላ ቀን ስትመለስ እንቁላሉ የለም። ጥቁር ትናንሽ ፍጥረቶች ውኃው ውስጥ ይርመሰመሳሉ።

ይህች ልጅ አድጋ ባሕር ማዶ ተማረች፤ ባዮሎጂ አጠናች። ወደ አገሯ ስትመለስ ያ ዛፍ የለም። መሬቱ የአንድ ሰው ሆኗል። ባለቤቱ ዛፉ ቦታ ያዘብኝ ብሎ ቆርጦታል፤ በምትኩ ሻይ ተክሏል። ምንጩስ? ደርቋል። እንቁራሪቶቹም የሉም።

ሴትዮዋን ታውቋቸዋላችሁ። ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ ናቸው። በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን መሠረቱ። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆኑ። ይህን ታሪክ ራሳቸው ናቸው የነገሩን። ነገሩ የገባቸውም ከተማሩ በኋላ መሆኑን አልደበቁም። የሾላው ሥር ወደ ታች ጠልቆ አለት ይሰነጥቃል፤ የከርሰ ምድር ውኃም በዚያው መንገድ ወደ ላይ ይወጣል። ያው ሥር ዳገቱን ሰቅዞ ይይዘዋል፤ መሬቱ አይናድም። እናትየው ይህን በትምህርት ቤት አልተማሩም። "የእግዚአብሔር ዛፍ ነው" የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ምንጩን ለስንት ትውልድ ጠብቃዋለች።

አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ያን ዛፍ ይጠብቀው የነበረው ማን ነው? ዘበኛ አልነበረውም። አጥርም አልነበረውም። የጠበቀው እናት ለልጅ የምትነግረው ቃል ነው። ቃሉን የማይሰማ ባለቤት ሲመጣ ደግሞ ዛፉ በአንድ ቀን ወደቀ። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ እንድታስቧቸው እለምናችኋለሁ። እሴት ያለ ዘበኛ ዛፍ ያቆማል። እሴት ብቻውን ሲቀር ግን ዛፉም ብቻውን ይቀራል።

ወደ ራሳችን እንምጣ። በሰሜን ኢትዮጵያ ከአውሮፕላን ወደ ታች የተመለከተ ሰው የሚያየው ነገር አለ። መሬቱ ቡናማ ነው፤ እርሻና የተጋጠ መስክ ነው። በመሃሉ ክብ ክብ የሆኑ አረንጓዴ ጠብታዎች ተበትነዋል። የእያንዳንዱ ጠብታ እምብርት ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፤ በዙሪያው ከጠፉ ቆይተው በቅጽሩ ውስጥ ግን ቆመዋል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተዋል። በእነዚያ ቁርጥራጭ ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጥረዋል። እስቲ አስቡት። ብዙዎቹ ደኖች በእግር ዞራችሁ ቶሎ የምትጨርሷቸው ናቸው።

ደኑ ለምን ቆየ ብላችሁ አባቶችን ብትጠይቁ ዛፍ ከአየር ላይ ስለሚስበው ካርቦን አይነግሯችሁም። ዛፉ የቤተ ክርስቲያኗ ልብስ ነው ይሏችኋል። ጸሎት የሚደረግበት፣ መናኝ የሚጠለልበት፣ ወፍ የሚኖርበት የገነት አምሳል ነው ይላሉ። ግዝት አለበት ይላሉ። ይህ ከካርቦን ያነሰ ምክንያት አይደለም። ስለ ካርቦን ማውራት የጀመርነው ትናንት ነው፤ እነዚህ ደኖች ግን መቶ ዓመታትን ቆጥረዋል።

ደግሞ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ተመራማሪዎቹ የደኑን አፈር ወስደው በውስጡ ምን ዓይነት ዘር እንዳለ መርምረዋል። የብዙዎቹ የአገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ አይጠብቅም። ወይ ይበቅላል፣ ወይ ይሞታል። ይህ ምን ማለት ነው? እናት ዛፎቹ ከተቆረጡ መሬቱን ብንተወውም ደኑ ራሱን አይተካም። የዘር ጎተራው ያ የቆመ ዛፍ ነው፤ ጎተራው የተቀመጠውም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ቆሜ "ሃይማኖታችን ተፈጥሮን ጠበቀ፣ ክብር ይግባው" ብል ጭብጨባ እንደማገኝ አውቃለሁ። ግን እውነቱ ግማሽ ይሆናል። ብዙዎቹ እነዚህ ደኖች ከውስጥ እያረጁ ነው። ከብት ይገባል፤ ቡቃያውን ይግጣል፤ ይረግጣል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን ልጅ የለም። ሌላው ደግሞ የእኛው እጅ ነው። አዲስና ሰፊ ሕንፃ ለመሥራት የጥንቱ ጥድ ይቆረጣል። ለገቢ ተብሎ በቅጽሩ ውስጥ ባሕር ዛፍ ይተከላል። ይህን የሚያደርጉት ጠላቶች አይደሉም። ቤተ ክርስቲያናቸውን የሚወዱ ምእመናን ናቸው። ጥሩ አስበው ነው የሚያደርጉት። ስለዚህ ነው ልቤን የሚበላኝ።

በ1967 አንድ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር፣ ሊን ዋይት፣ በአንድ ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ላይ ከባድ ክስ አቀረበ። ለአካባቢ ቀውሱ የምዕራቡ ክርስትና ትልቅ ድርሻ አለው አለ። ሰው የፍጥረት ጌታ ነው ብሎ አስተምሯል፤ ዛፍን ከነፍሱ ለይቶ ዕቃ አድርጎታል አለ። ብዙ አማኞች ተቆጡ። ያው ሰው በመጨረሻ ያለውን ግን ብዙዎች ይዘሉታል። የችግሩ ሥር ሃይማኖታዊ ከሆነ መድኃኒቱም ሃይማኖታዊ መሆን አለበት ብሏል። አእዋፍን ወንድሞቼ ይል የነበረውን የአሲሲውን ፍራንሲስንም ለአካባቢ ጥበቃ ጠባቂ ቅዱስ አድርጎ አጭቷል። በ1979 ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ይህንኑ ስም ለአካባቢ ጥበቃ ጠባቂ ቅዱስነት በይፋ ሰየሙት።

እኔ ክሱን አልጠላውም። ወደ መጽሐፉ እንድንመለስ አስገድዶናል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 "ግዟትም" የሚል ቃል አለ። ሰው ይህቺን ቃል ይዞ ሄደ። ገጹን ገልጦ ምዕራፍ 2 ላይ ያለውን ግን ዘለለው። እዚያ ሰው በገነት የተቀመጠው "ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ" ነው ይላል። ማበጀትና መጠበቅ። እነዚህ የገበሬና የእረኛ ቃላት ናቸው። በኦሪት ዘዳግም ደግሞ ከተማ ስትከብቡ እንኳ ፍሬ የሚሰጠውን ዛፍ አትቁረጡ ይላል። በዘሌዋውያን መሬት በሰባተኛው ዓመት ታርፋለች። ለመሬት ሰንበት የሰጠ ሕግ ነው ይህ።

እስልምናም በዚህ በኩል እጅግ ባለጸጋ ነው። ሰው በምድር ላይ ኸሊፋ፣ ማለትም የአላህ ወኪል ነው፤ የተሰጠው አማና፣ ማለትም አደራ ነው። አማና የተቀበለ ሰው ባለቤት አይደለም፤ ይጠየቃል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ካስተማሩት ውስጥ በጣም የምወደው አንድ ሐዲስ አለ። ቂያማ ቢቆም እንኳ ከእናንተ የአንዱ እጅ ላይ ችግኝ ካለና መትከል ከቻለ ይትከለው የሚል ነው። ዓለም እያለቀች ችግኙን ማን ያጠጣዋል? ማን ጥላው ሥር ይቀመጣል? ማንም። ግን ተክሉ ተባለ። ይህን ሐዲስ ባነበብኩ ቁጥር ዝም እላለሁ። ተስፋ ከቆረጡ ወጣቶች ጋር ስነጋገርም የማነሳው እሱን ነው። በሌላ ሐዲስ ሰው የተከለው ዛፍ ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ከበላለት ለተካዩ ሰደቃ ይሆንለታል። በሌላው ደግሞ በሚፈስ ወንዝ ዳር ሆነህ ውዱእ፣ የሶላት ትጥበት፣ ብታደርግ እንኳ ውኃ አታባክን ይላል። ውኃ ሞልቶ ሲፈስ ማባከን ነውር ከሆነ፣ ቧንቧ ከፍተን ስልክ የምናወራ ሰዎች ምን እንላለን?

እንግዲህ ትምህርቱ አለ። ሞልቷል። በ1986 በጣሊያኗ አሲሲ የቡድሂዝም፣ የክርስትና፣ የሂንዱ፣ የእስልምናና የአይሁድ ተወካዮች ተሰብስበው እያንዳንዳቸው ስለ ተፈጥሮ መግለጫ አወጡ። በ1989 የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ዲሜጥሮስ 1ኛ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 1ን ስለ ፍጥረት የሚጸለይበት ቀን አደረጉት። ተከታያቸው በርተሎሜዎስ 1ኛ በ1997 ተፈጥሮን መበደል ኃጢአት ነው ብለው በግልጽ ተናገሩ። በ2015 ፖፕ ፍራንሲስ ስለ ምድራችን ጥበቃ መልእክታቸውን አወጡ፤ በዚያው ዓመት የሙስሊም ምሁራን ኢስታንቡል ላይ የአየር ንብረት መግለጫ አወጡ። መግለጫ አልጎደለንም።

ታዲያ የጎደለን ምንድን ነው?

ወደ ሕንድ ልውሰዳችሁ። የጋንጅስ ወንዝ ለሂንዱ አማኞች እናት ናት። ሰው ሊነጻባት ይመጣል፤ አመዱ እንዲበተንባት ይናዘዛል። በዓለም ላይ ከዚህ በላይ የሚከበር ወንዝ ያለ አይመስለኝም። በተፋሰሷ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖራል። ያው ወንዝ በዓለም ላይ እጅግ ከተበከሉት ወንዞች አንዱ ነው። የከተማ ፍሳሽ ይገባበታል፤ የፋብሪካ ኬሚካል ይገባበታል። መንግሥት ከ1986 ጀምሮ በተደጋጋሚ የማጽዳት ዘመቻ አውጥቷል፤ ሥራው እስከ ዛሬ አላለቀም።

ይህ እንዴት ሆነ? አንዱ መልስ ያሳዝናል። ለብዙ አማኝ ወንዟ ራሷ ንጽሕና ናት። ቅድስናዋን ቆሻሻ ሊደርስበት አይችልም። ስለዚህ ቆሻሻው እያየነው እንኳ አያስደነግጠንም። ቅድስናው ራሱ ዓይን ሸፈነ ማለት ነው። ይህን የምለው በሰው እምነት ላይ ጣት ልቀስር ብዬ አይደለም። ከትልቅ በዓል ማግስት የእኛን አደባባይ ያየ ሰው የፕላስቲክ ጠርሙሱን ክምር ያውቀዋል። ጠበል ጠጥቶ ጠርሙሱን ምንጩ አጠገብ የሚጥለው ሰውም ቅዱስ ቦታ ላይ ቆሞ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ይኸው ነው። ቅዱስ ነው ማለት ብቻውን ወንዝ አያጠራም፤ ዛፍም አያቆምም። ቅድስናው ወደ መሬት መውረድ አለበት። ደንብ መሆን አለበት። ቀን ሊኖረው ይገባል። ተጠያቂ ሰው ሊኖረው ይገባል። ይህ በሆነበት ቦታ ሁሉ ተአምር የሚመስል ነገር እናያለን።

መንዝን ውሰዱ። ጓሳ የሚባለው ደጋ ላይ የሚበቅለው ሳር ለጣሪያ ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ ገሳ ያገለግላል። ሕዝቡ ያለ እሱ መኖር ይቸግረዋል። ስለዚህ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ የሚባል ሥርዓት አቆመ። ሥርዓቱ መሬቱን ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋዋል። በእነዚያ ዓመታት አጫጅም ከብትም አይገባም። መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑ የተመረጡ ሰዎች አሉ። የሚጠብቀው ነዋሪው በተራ ነው። የደፈረ ሰው ቅጣቱ ቀላል አይደለም። ሥርዓቱ ከደብሩና ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የተሳሰረ ስለነበረ መጣስ የጎረቤትን ድርሻ መስረቅም፣ ነውርም፣ ኃጢአትም ነበር። ሦስት አጥር በአንድ ላይ ማለት ነው። በዚህ አጥር ውስጥ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም ተረፉ። ሰዎቹ ሥርዓቱን ያወጡት ለቀበሮው አልነበረም፤ ለጣሪያቸው ነበር። ቀበሮው ግን አብሮ ዳነ።

በ1975 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ሥርዓቱ የቆመበት የርስት መሠረት ፈረሰ። ጓሳው የማንም ሆነ፤ የማንም የሆነ ነገር ደግሞ የሚደርስበትን ታውቃላችሁ። ደስ የሚለኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ነዋሪው አልተወውም። ከየቀበሌው ተወካይ መርጦ ኮሚቴ አቋቋመ፤ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አወጣ፤ ጓሳውን መልሶ ዘጋ። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። የድሮው ሥርዓት ቃል በቃል አልተመለሰም፤ ሊመለስም አይችልም ነበር። የተመለሰው ልማዱ ነው፤ አብሮ የመዝጋትና አብሮ የመክፈት ልማድ።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ በኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት አለ። እዚያ የሩዝ ገበሬዎች ሱባክ በሚባል ማኅበር ተደራጅተው ውኃ ይከፋፈላሉ። ሱባክ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። ውኃው የሚከፋፈለው በቤተ መቅደሶች ሥርዓት ነው። ከላይኛው የሐይቅ መቅደስ ጀምሮ እስከ ታችኛው ማሳ ድረስ ማን መቼ ዘርቶ ማን መቼ እንደሚያሳርፍ በጸሎትና በስብሰባ ይወሰናል። በ1970ዎቹ ባለሙያዎች መጡ። ፈጥኖ የሚደርስ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ፀረ ተባይ አመጡ። መቅደሱን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሁሉም በቻለ ቁጥር ይዝራ አሉ። ብዙም ሳይቆይ ተባይ ማሳውን ወረረው፤ የውኃው ተራም ተዘበራረቀ። በኋላ አንትሮፖሎጂስቱ ስቲቨን ላንሲንግ ነገሩን በኮምፒውተር አስልቶ አሳየ። አጎራባች ማሳዎች አብረው ሲያርፉ ተባዩ የሚበላው አጥቶ ያልቃል። ማረፊያውን የሚያስተባብረው ደግሞ የመቅደሱ ቀን መቁጠሪያ ነበር። ካህናቱ ስለ ተባይ አይሰብኩም ነበር። ሥርዓቱ ግን ተባዩን ይገዛው ነበር።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትሕትና ነው። የተማርን ሰዎች አንድ ልማድ ስናይ "ይህ ምን ይጠቅማል?" ብለን ቶሎ እንፈርዳለን። መልሱ ካልታየን ጥቅም የለውም እንላለን። መጀመሪያ ሥርዓቱን ተቀምጠን ማየት ነበረብን።

ጃፓንም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ1906 መንግሥት ትናንሽ የሺንቶ ቤተ መቅደሶችን እያጠፈ ወደ አንድ እንዲጠቃለሉ አዘዘ። መቅደሱ ሲዘጋ በዙሪያው ያለው ጥንታዊ ደን ይሸጣል፤ ይቆረጣል። ሚናካታ ኩማጉሱ የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ተነሥቶ ለዓመታት ተሟገተ። ደኑን ከመቅደሱ፣ መቅደሱን ከሰፈሩ ሰው ለይታችሁ ልታድኑት አትችሉም ይል ነበር።

ደግሞ እሴት ማለት ክልከላ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሥራም ነው። የኮንሶ ሕዝብ ደረቅና ዳገታማ መሬቱን በድንጋይ እርከን ለብጦ ከ400 ዓመት በላይ ኖሮበታል። አንዳንዱ ግድግዳ እስከ 5 ሜትር ከፍታ አለው። በ2011 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እርከን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ይናዳል፤ በየዓመቱ መጠገን አለበት። ያ ሁሉ ድንጋይ የተጠገነው አባቱ የሠራውን እርከን ማፍረስ በሚያሳፍረው ሰው ነው። ይሉኝታ አፈር ያዘ ማለት ነው።

የባሕሩንም ልንገራችሁ። በዛንዚባሯ ፔምባ ደሴት አጠገብ ሚሳሊ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ዓሣ አጥማጆች በዲናሚት ያጠምዱ ነበር። ፈንጂው ዓሣውንም፣ ዓሣው የሚጠለልበትን የባሕር ኮራልም አብሮ ይጨርሳል። መንግሥት ከለከለ፤ የሚሰማ አልተገኘም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ግን ነገሩ ወደ መስጊድ ገባ። ኢማሞች በቁርኣን ስለ አማና፣ ስለ ማባከን፣ ስለ ሚዛን አስተማሩ። የመንግሥትን ሕግ መሸሽ ይቻላል፤ ከአላህ ሕግ ግን ወዴት ይኬዳል የሚል ስሜት አደረ። ብዙ አጥማጆችም ዲናሚቱን ተዉ። የሸሪዓ ሕግ ለዚህ የቆየ መሣሪያም አለው። ሒማ ይባላል፤ ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ የሚከለል ግጦሽና ዱር ነው። ሐሪም ደግሞ በጉድጓድና በምንጭ ዙሪያ የሚተው ክልል ነው። ከሺህ ዓመት በላይ የኖረ ሕግ ስለሆነ ለሙስሊም ገበሬ ከውጭ የመጣ ፕሮጀክት አይሆንበትም።

አሁን ከባዱን ላንሳ። ባህል ሁሉ ጥሩ አይደለም። በባህል ስም አውሬ ይገደላል። ለክብር ተብሎ ቆዳው ይለበሳል፤ ለመድኃኒት ተብሎ ቀንዱ ይቆረጣል። "ባህላችን ነው" የሚለው ቃል የብዙ ጥፋት ሽፋን ሆኗል። ግን ባህል ድንጋይ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ የሼምቤ ቤተ ክርስቲያን ወንዶች ለሃይማኖታዊ ሥነ ሥርዓት የነብር ቆዳ ይለብሳሉ። ተከታዮቹ ብዙ ስለሆኑ ነብሩ አደጋ ላይ ወደቀ። ከ2013 ጀምሮ የነብር ጥበቃ ባለሙያዎች ከቤተ ክርስቲያኑ መሪዎች ጋር ተቀምጠው እውነተኛ ቆዳ የሚመስል ሰው ሠራሽ ካባ አዘጋጁ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተቀበሉት። ጭፈራው አልቀረም፤ ክብሩም አልቀረም። ነብሩ ግን እፎይ አለ። በኢንዶኔዥያም የኡላማዎች ምክር ቤት በ2014 ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን በሕገ ወጥ መንገድ ማደንና መነገድ ሐራም ነው ብሎ ፈትዋ ሰጥቷል። ከውስጥ የመጣ ለውጥ እንዲህ ነው። ማንም አልተዋረደም።

እምነት የሚያስከፍለውን ዋጋ ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በሕንድ ራጃስታን በረሃ ቢሽኖይ የሚባሉ ሰዎች አሉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መሪያቸው ጃምቤሽዋር 29 ትእዛዝ ሰጣቸው። የቆመ አረንጓዴ ዛፍ አትቁረጡ፣ ለፍጥረት ራሩ የሚሉ በውስጡ አሉ። በ1730 የጆድፑር ንጉሥ ሰዎች ለሕንፃ ኖራ ማቃጠያ እንጨት ፈልገው ወደ ኬጃርሊ መንደር መጡ። አምሪታ ዴቪ የምትባል እናት ዛፉን አቀፈች። አንለቅም አለች፤ ገደሏት። ልጆቿ ተከተሉ። ከዚያ መንደርተኛው አንድ በአንድ መጣ። 363 ሰው ሞተ ይላል ታሪካቸው። ንጉሡ ሲሰማ ደነገጠ፤ በቢሽኖይ መንደሮች ዛፍ እንዳይቆረጥ አዘዘ። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ አሁንም በዚያ ደረቅ አገር ሚዳቋዎች በመንደሩ መሃል ሳይፈሩ ይሄዳሉ።

ከእናንተ ማንም ዛፍ አቅፎ እንዲሞት አልጠይቅም። የምጠይቀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

በአካባቢ ጥበቃ ለምትሠሩ ባለሙያዎች አንድ ነገር ልበል። ወደ ሃይማኖት አባቶች የምትሄዱት ጽሑፋችሁን እንዲያነቡላችሁ ብቻ ከሆነ ባትሄዱ ይሻላል። ካህኑን ወይም ኢማሙን ድምፅ ማጉያ አታድርጓቸው። መጀመሪያ ጠይቋቸው። በእናንተ ዘንድ የተከለከለ ዛፍ አለ? የሚዘጋ መስክ አለ? ማን ይወስናል? ድሮ እንዴት ነበር፣ ለምን ቀረ? የምትፈልጉት ደንብ ግማሹ እዚያው ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ሕግ የምታወጡም እንዲሁ። ኒውዚላንድ በ2017 የዋንጋኑይ ወንዝን በሕግ ፊት መብት ያለው አካል አድርጋ ስታውጅ ከባዶ አልተነሳችም። የአገሩ ነባር የሆነው የማኦሪ ሕዝብ "እኔ ወንዙ ነኝ፤ ወንዙም እኔ ነው" ይል ነበር። ለወንዙ የሚናገሩ ሁለት ሰዎችም ተሾሙለት፤ አንዱ በመንግሥት፣ አንዱ በማኦሪው በኩል። ወንዙ ቅዱስ መሆኑ ታወቀለት፤ ጠበቃም ተሰጠው። ጋንጅስ ያጣችው ይህንን ሁለተኛውን ነው።

ለእናንተ ለአባቶች ደግሞ የምለው በታላቅ አክብሮት ነው። ሕዝቡ የእናንተን ቃል የሚሰማውን ያህል የእኛን አይሰማም። ኃጢአት ብላችሁ ከምትዘረዝሩት ውስጥ ምንጭ መበከልን ጨምሩት። ለንስሐ ልጃችሁ ከስግደቱ ጋር ችግኝ ተክሎ እስኪጸድቅ ማጠጣትን እዘዙ። በኹጥባችሁ፣ በጁምዓ ስብከታችሁ፣ ስለ ውኃ ተናገሩ፤ መስጊዱ በር ላይ ያለችውን የምታፈስ ቧንቧም ቀድማችሁ አስጠግኑ። አዲስ ሕንፃ ሲታሰብ የትኞቹ ዛፎች እንደማይነኩ ፕላኑ ከመሣሉ በፊት ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ከበዓሉ ማግስት ማን እንደሚያጸዳ ከበዓሉ በፊት ስሙ ይጻፍ።

ቀደም ብዬ ወዳነሳኋቸው የቤተ ክርስቲያን ደኖች ልመለስና ላብቃ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱን ሰበሰቡ። ከሰማይ የተነሣውን ፎቶ አሳዩአቸው። ካህናቱ ደናቸውን ከላይ አይተውት አያውቁም ነበር። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ፣ በዙሪያውም ምንም እንደሌለ አዩ። ምን እናድርግ ሲባል መልሱን ያመጡት ካህናቱና ምእመናኑ ናቸው። አጥር እንሥራ አሉ። ድንጋዩ ከየት ይምጣ? ከእርሻው። ገበሬው ማሳውን የሚያስቸግረውን ድንጋይ ለቅሞ አመጣ። ማሳው ጸዳለት፤ ደኑም ታጠረ። ከብት መግባት ሲያቆም ከአሮጌዎቹ ዛፎች ሥር ቡቃያ ብቅ ብቅ አለ። አንዳንዶቹ ደብሮች አጥሩን ሲሠሩ ከደኑ ጠርዝ ትንሽ ራቅ አድርገው፣ ባዶውን መሬት ወደ ውስጥ አስገብተው ገነቡት። ደኑ ወደ እነሱ እንዲመጣ ቦታ ተዉለት።

አመሰግናለሁ።